አንጁሎ የተለቀሰለት እሑድ

ባለፈው ሐምሌ፣ ሶዶ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ውሎ፣ ሰልባጅ ከሚሸጥበት ተራ ሳልፍ አንዲት ነጋዴ ሸራዋ አፍስሶባት ልብሶቿን ከውሃ ታሸሽ ነበርና፣ ከክምሩ መሐል አንድ ወፍራም የሱፍ ሹራብ አንስታ ፊቴ ላይ ስታራግፈው የረጠበ በግ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ቆምኩ። ሴትዮዋ ልገዛው መስሏት ዋጋ ጠራች፤ እኔ ግን በዚያች ሰዓት እዚያ አልነበርኩም፤ በድሮው ግቢያችን በረንዳ ላይ፣ በአያቴና በሚስ ብሪጂት መሐል፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ሚስ ብሪጂት እንግሊዝኛ ልታስተምረን ከአየርላንድ የመጣችው ደርግ ከወደቀ ወዲህ፣ ታናሽ ወንድሜ አንደኛ ክፍልን በወላይትኛ መማር በጀመረበት፣ ሁሉም ነገር ስሙንና ቀለሙን በሚቀይርበት ዘመን ነው። አባቴ የግብርና ቢሮ ሠራተኛ ስለነበር ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው ሁሉ ቤት ሲፈልግ እሱን ይጠይቅ ነበርና፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ተከራየች። ረጅም፣ ፊቷን ጠቃጠቆ የሞላው፣ ፀጉሯ እንደ ቀይ ዳጣ የሚያቃጥል የሚመስል ሴት ነበረች። ስሟ ለአፋችን አልመች ስላለ፣ ያን ጊዜ ከሬዲዮ የለመድነው የጦር ቃል ደግሞ ለአፍ ቅርብ ስለነበር፣ በሳምንቱ መላው ትምህርት ቤት «ሚስ ብርጌድ» ብሏት አረፈ። እሷም አቤት ትል ነበር። ክረምት ሲገባ ከአገሯ ያመጣችውን ነጭ የሱፍ ሹራብ ታጠልቃለች፤ የበጉ ቅባት ስላልወጣለት ዝናብ አያስገባም ትላለች፤ ሲረጥብ ግን ጠረኑ ከእሷ ቀድሞ ክፍል ይገባል። አያቴ አንድ ቀን ሹራቡን በጣቷ ዳስሳ፣ አሽትታ፣ «ይሄ በግ ገና አልሞተም» ብላ ፈረደች።

ዓርብ የመጨረሻው ፔሬድ የተረት ነበር። ሚስ ብሪጂት መጽሐፉን ትዘጋና በአየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ ስላለችው መንደሯ ታወራናለች፤ ማሳው ሁሉ ያለ ጭቃ በተካበ የድንጋይ አጥር ስለታጠረበት፣ ዛፍ ስለማይበዛበት፣ ነፋሱ ሰው ስለሚገፋበት ቦታ። መንደሯ ውስጥ ሜዳ ላይ ብቻዋን የበቀለች አንዲት እሾሃማ ዛፍ ነበረች፤ ከሥሯ የማይታዩት ሰዎች ይኖራሉ ስለሚባል ማንም መጥረቢያ አያነሣባትም፤ መንገድ ሠሪዎች መጥተው ሊቆርጧት ሲሉ ሠራተኛ ጠፋና መንገዱ ራሱ ተጣሞ አለፈ። ስለ ባሕር ስታወራን ግን ተቸገርን። እኛ የምናውቀው ትልቅ ውሃ ከበዴሳ በኩል ከፍታ ላይ ሆነው ሲያዩት እንደ ቆርቆሮ ክዳን የሚያብለጨልጨውን አባያን ነውና፣ ማዶ የሌለው ውሃ ስትለን ከኋላ የተቀመጠው ልጅ እጁን አውጥቶ «ሚስ፣ እንግዲያ በምን ታስሮ ቆመ?» አላት። ደስ ብሏት ሳቀች።

አያቴን «አዬ» እንላት ነበር፤ በወላይትኛ እናት ማለት ነው። አባቴ ዓይኗን ሊያሳክማት ከትውልድ መንደሯ ከገሱባ አምጥቷት በዚያው እኛ ዘንድ ቀረች። አማርኛዋ ከገበያ ቃል አያልፍም፤ ሚስ ብሪጂት ደግሞ ከአማርኛ ይልቅ ሳቅ ትችላለች። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሁለቱ በረንዳው ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ እኔ ወላይትኛውን በሆዴ ወደ አማርኛ፣ አማርኛውን ወደዚያች የሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ እገለብጣለሁ፤ አንዲት ቃል ሦስት ቤት አድራ ነበር የምትደርሰው። አዬ «ብርጌድ» የሚለውን ስም ግን አንድም ቀን አልጠራችም፤ «ታ ናኤ» ትላታለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። የጦር ቃል ከአፏ የማይወጣው ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስ ብሪጂት ሰው ሊሞት ሲል መስኮት ሥር ቆማ ፀጉሯን እያበጠረች ስለምታለቅስ ሴት ነገረቻት። ፈረንጆቹ ሲፈሯት ጉድ ነው። አዬ እንዝርቷን አስቀምጣ በጥሞና ሰማችና፣ «ለሁሉም ሰው ታለቅሳለች?» ብላ አስጠየቀችኝ።

«የለም፤ ለጥንት ቤተሰቦች ብቻ ነው» አለች ሚስ ብሪጂት።

«እንግዲያማ ዘመድ ናት» አለች አዬ። «ቀድማ ለደረሰች ለቀስተኛ ውሃ ይሰጧታል እንጂ ይፈሯታል?»

ሚስ ብሪጂት ይህን ስተረጉምላት በርጩማዋን ወደ አዬ አስጠጋች። ከዚያ ቀን ወዲህ አያቴን የምታያት እንደ አሮጊት ሳይሆን እንደ አስተማሪ ነበር። ዳሞት ተራራ ባለቤት አለው ወይ ብላ ስትጠይቃት፣ አዬ ባለቤት የሌለው ተራራ የት አገር እንዳለ መልሳ ጠየቀቻት።

አሁን ስለ አጎቴ ስለ አንጁሎ ልናገር። የአዬ የመጨረሻ ልጅ ነው። ባገባ በዓመቱ፣ በደርግ ጊዜ፣ ገሱባ ገበያ ላይ ወጣቶች ሲታፈሱ አብሮ ታፍሶ ወደ ሰሜን ተላከ። መንግሥት ሲቀየር የተበተነው ወታደር በእግሩም በመኪናም እየመጣ የየሰዉ ልጅ ሲገባ፣ አንጁሎ አልገባም። አብሮት የዘመተ የሃላሌ ሰው መጥቶ እዚያ መውደቁን በዓይኑ እንዳየ ለአባቴ ነገረው። አዬ ግን «ሬሳውን አምጡልኝ» አለች፤ ሬሳ ከሌለ ለቅሶ የለም። ስለ እሱ ስታወራም «ነበር» አትልም፤ «አንጁሎ ቦይና አይወድም»፣ ጎደሬ ማለቷ ነው፣ «አንጁሎ ሲቆጣ ጆሮው ይቀላል» ትላለች፤ ልክ ጓሮ ያለ ይመስል።

ነገሩ የእሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልተናገራት። ግን አስቴር ነበረች፤ የአንጁሎ ሚስት። አዬን ተከትላ ከገሱባ መጥታ፣ አብራት ተኝታ፣ ራሷን ታጥባት፣ ዓይኗ ውስጥ ጠብታ ትጨምርላት ነበር። ባሏ ያልተለቀሰለት ሴት መበለት አይደለችም፤ ሚስትም አይደለችም። ጥቁር አትለብስም፣ አታጌጥም፣ ሠርግ አትሄድም። በዴሳ እህል የሚነግድ፣ ሚስቱ የሞተችበት ደግ ሰው ሽማግሌ ሲልክ አባቴ ቀጠሮ ሳይሰጣቸው ሽማግሌዎቹን ምሳ አብልቶ ሸኛቸው። ከዚያ እናቱ ፊት ተንበርክኮ፣ «አዬ፣ ይቺ ልጅ እኮ እያረጀች ነው» አላት። አዬም «ልጄ ሲመጣ ሚስቴ የት አለች ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ?» አለችው። የነፍስ አባታችንም መጥተው ሞክረዋል፤ እጃቸውን ስማ፣ መስቀል ተሳልማ፣ እንዳሰበችው ቀረች።  እኔ ግን ከአስቴር ጋር ልብስ ሳጥብ የአንጁሎን ሸሚዞች፣ ማንም ያልለበሳቸውን፣ በየጊዜው አውጥታ እያጠበች ስትመልስ አይቻለሁ።

መስከረም ላይ ነው፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሊደርስ ሲል። አስቴር ጓሮ በር ላይ እንሰት ትፍቃለች፤ ሁለቱ በረንዳው ላይ ናቸው። ሚስ ብሪጂት ስለ አያቷ ማውራት ጀመረች። አያቷ ሙሾ አውራጅ ነበረች፤ በመንደሯ ሰው ሲሞት ይጠሯታል፤ በእንግሊዝኛ ሳይሆን በራሳቸው ቋንቋ፣ ልጆች ሆነው ትምህርት ቤት ሲናገሩት ይገረፉበት በነበረው ቋንቋ፣ የሞተውን ሰው ከልጅነቱ ጀምራ በዜማ ትዘረዝረዋለች። ቄሶቹ የአረማዊ ነገር ነው ብለው ይከለክሏት ነበር፤ እሷም ቄሱ እስኪሄዱ ጠብቃ ትቀጥላለች። እዚህ ላይ አዬ ሳቀች። የዚያ መንደር ወንዶች ዓሣ አጥማጆች ናቸውና ብዙውን ጊዜ ባሕሩ ሰውየውን ወስዶ አይመልስም። ያን ጊዜ ኮቱን አልጋ ላይ ያነጥፉታል፤ አልቃሿ ወደ ባሕሩ ዞራ በስሙ ትጠራዋለች።

የአዬ ፊት ተለወጠ። «ኮቱን ብቻ?» አለች።

«ኮቱን ብቻ።»

«ሬሳው ሳይኖር?»

«ሬሳው ሳይኖር። ባሕሩ ከያዘው ከማን ይቀበላሉ?»

 ጓሮ ያለው የመፋቂያ ድምፅ ቆመ። አዬ ወደ እኔ ሳይሆን ቀጥታ ወደ ሚስ ብሪጂት ዞራ፣ ትርጉም እንደማያስፈልጋት ሁሉ በወላይትኛ ጠየቀቻት፤ «ሚስቱስ? ከዚያ በኋላ ሚስቱ ምን ሆነች?»

ተረጎምኩ። ሚስ ብሪጂት አስቴርን አላየቻትም፤ ቀና ብላ ለአዬ ብቻ፣ «ዓመት ጥቁር ለበሰች፤ ከዚያ ኖረች» አለቻት።

አዬ ለጊፋታ እንደወትሮዋ ልጆቹን መረቀች፣ ሥጋውንም በላች፤ በዓሉ ባለፈ ሰሞን አባቴን ጠርታ በሚቀጥለው እሑድ ገሱባ ላይ የአንጁሎ ለቅሶ እንዲጠራ አዘዘችው። አባቴ ደንግጦ፣ ፈረንጇ ናት እንዲህ ያስተማረችሽ ወይ አላት። «እኔን ለቅሶ የሚያስተምረኝ ፈረንጅ አልተወለደም» አለችው። «እስከዛሬ እንዲህ የሆንኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።»

የገሱባ መንገድ ያን ጊዜ መንገድ አይባልም፤ በተከራየናት ፒክአፕ ኋላ እየተናጥን፣ ሚስ ብሪጂት በዚያ ሙቀት ሹራቧን ለብሳ፣ ጉልበቷን ታቅፋ ሄድን። ለአገሬው ለቅሶ የሚገባውን ልብስ ስላላወቀች ያላትን ምርጥ ልብስ ነው የለበሰችው። ቄሱ ጸሎተ ፍትሐት አድርሰው፣ ፊት እንዳይቧጨር አስጠንቅቀው ወደ ጥላው ሄዱ። ሜዳው ላይ አልጋ ወጣ፤ አልጋው ላይ አንጁሎ የተያዘ ዕለት ፀሐዩ ጠንክሮበት ቤት ጥሎት የሄደው ኮት ተነጠፈ። ወንዶቹ እንደ አገሩ የለቅሶ ወግ ጦር ይዘው ሜዳውን ሽቅብ ቁልቁል ሮጡበት። አዬ እኔን ተደግፋ ተነሣች፤ ወደ ሰሜን ዞረችና ስሙን ጠራች። እንዴት እንደ ተወለደ፣ የትኛው ላም ረግጣው እግሩ ላይ ጠባሳ እንደ ቀረ፣ ከወንዝ ማዶ ሣር አጭዶ ሲመለስ ምን እያፏጨ እንደሚመጣ በዜማ ዘረዘረች። «አንጁሎ ቦይና አይወድም ነበር» አለች። «ነበር» ስትል ሜዳው ሁሉ ጮኸ፤ አባቴ፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። አስቴር ጥቁር ነጠላ ሲያለብሷት ፊቷን አየሁ፤ ለብዙ ጊዜ ተከልክላ የኖረችውን ነገር እንደተሰጣት ሰው ነበረች።

ድምፅ ዝግ ሲል አዬ ሚስ ብሪጂትን ከሴቶቹ ጀርባ ፈልጋ አስጠራቻትና፣ «አንቺም ያንቺን ቤት ልቅሶ አልቅሺለት» አለቻት። ሚስ ብሪጂት ቀላች። አያቷ ስትሞት ልጅ እንደነበረች፣ ጥቂት ብቻ እንደምታስታውስ በጆሮዬ ነገረችኝ፤ ለመተርጎም አፌን ስከፍት ግን እሷ ጀምራ ነበር። እንግሊዝኛ አይደለም። ከጉሮሮ የሚወጣ፣ የሚወርድ፣ መጨረሻው ላይ የሚሰበር ነገር ነው፤ መሐሉ ላይ «አንጁሎ» የሚለውን ብቻ ለየሁት። የገሱባ ሴቶች አንድ ቃል ሳይገባቸው፣ መመለስ ያለባቸው ቦታ ላይ ሁሉ በአንድ ድምፅ መለሱላት። በዚያች ሰዓት አስተርጓሚ የፈለገ ሰው አልነበረም።

አስቴር ዓመቷን ጨርሳ ጥቁሯን አወለቀች፤ የበዴሳው ነጋዴም ጠብቋት ነበርና አገባት። አዬ ራሷ ናት አናቷ ላይ ቅቤ አድርጋ የዳረቻት፤ ሠርጉ ላይም ከሁሉም በላይ ያማረረችው ስለ ሥጋው መጠጠር ነበር። ሚስ ብሪጂት ሁለተኛ ዓመቷን ስትጨርስ ወደ አገሯ ተመለሰች። ስትሄድ አዬና እሷ በረንዳው ላይ ቆመው ያለ እኔ ብዙ አወሩ፤ ምን እንደተባባሉ እስከዛሬ አላውቅም።

አዬ ያረፈችው እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። ሬሳዋ ያው ገሱባ ሄደ፤ ድንኳን ነበረ፣ የኪራይ ወንበር ነበረ፣ ድምፅ ማጉያም ነበረ፤ ሰዉ ተሰብስቦ የሕይወት ታሪኳ ከወረቀት ተነበበ። በዜማ የሚዘረዝራት ግን ጠፋ፤ ያንን የሚችሉት ሴቶች አንድ በአንድ ቀድመዋት ሄደው ነበር፤ የቀሩትም የሰበካው ጉባኤ ነውር ነው ስላለ ትተውታል። በመጨረሻ አስቴር ልጇን ለባሏ አቀብላ ተነሣች። አዬን በስሟ ጠራቻት፤ የማን ልጅ እንደነበረች፣ ልጇን ስንት ዓመት ስትጠብቅ እንደኖረች፣ ከዚያም ምራቷን እጇን ዘርግታ እንደለቀቀቻት በዜማ ተናገረችና ቀጣዩ ስንኝ ጠፋባት። እኔም ልቀበላት ተነሥቼ ቃሉን አጣሁት።

ከዚያ ወዲህ ስንት ለቅሶ ደርሻለሁ። የሟቹ ፎቶ በትልቁ ታትሞ ይቆማል፣ ሻይ ይዞራል፣ ሰው በጊዜ ይበተናል፤ ክፋት የለውም። የሰውን ዕድሜ ከጠባሳው እስከ ፉጨቱ በአንድ ትንፋሽ የሚጠራ ጉሮሮ ግን በእኛም ሜዳ፣ ምናልባትም በእነ ሚስ ብሪጂት ዳርቻ፣ ጠፍቷል። ልጆቼ እንዲህ ያለ ነገር ነበር ስላቸው ተረት ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው። እኔ እዚያ ቆሜ ሰምቼዋለሁ።