ሳይተረጎም የቀረ ልመና

ሸዋ ሮቢት ላይ ያሰሩኝ ቤት ለእስር ቤትነት የተሠራ አልነበረም። ጣሊያን ሲሚንቶ ያከማችበት የነበረ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል በቅሎ እየነዳሁ ስወርድ ኬላ ላይ ያዙኝ። ስልቻዬን ፈትተው ድርቆሽ ሲያገኙ «ለሽፍታ ስንቅ ታቀብላለህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። በሩ ሲዘጋብኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ሙቀቱ ነው። እኔ የደጋ ሰው ነኝ። ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ ይንጣጣል፤ የሲሚንቶው ብናኝ ከላብ ጋር ተለውሶ ፊቴ ላይ ይደርቃል።

ብዙ ጊዜ ብቻዬን ቆየሁ። ምግብ በበሩ ሥር ይገፋልኛል፤ የሚገፋው ሰው አይናገርም። ውጭ መኪና ሲያልፍ፣ ግመል ነጂዎች ሲጠራሩ እሰማለሁ። ሰው እዚያው ቅርብ እያለ ሰው ማጣት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አወቅሁ። አንዳንዴ ድምፄ እንዳይጠፋብኝ ብዬ የበቅሎዬን ስም እጠራ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ሌላ እስረኛ አስገቡ። በዕድሜ አባቴን የሚስተካከሉ፣ የይፋት ቆላ ሙስሊም ገበሬ ናቸው። አርበኞች ማሽላቸው ውስጥ አድረው ስለሄዱ ነው የታሰሩት። ገብተው «አሰላሙ አለይኩም» አሉ። መልሱን አላውቀውም ነበርና «እንደምን አደሩ» አልኋቸው። ሳቁ። የሰው ሳቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነበር!

የሚያወሩኝ ስለ ማሽላቸው ነበር፤ ወፍ ስለሚጠብቁበት ማማ፣ ወንጭፍ ላይ ከእሳቸው ስለሚበልጡት ባለቤታቸው። «እኔ ስወረውር ወፎቹ ዞር ብለው ያዩኛል፤ እሷ ስትነሣ ግን ወላሂ አገር ይለቃሉ» አሉኝ።

ከዚያ የወባ ንዳድ ያዛቸው። በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ እያላቸው ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ጀመር። ጋቢዬን አለበስኋቸው። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሐኪሙ ድንኳን ይታየኛል። ወታደሮቹ በየጠዋቱ ተሰልፈው ኪኒን ይውጣሉ፤ ምሬቱ ፊታቸውን ሲያጨማድደው አያለሁ። መድኃኒቱ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ቦታ ነበር።

የጣሊያኑ ሹም እስረኛ ሊያይ ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። አስተርጓሚው ያገራችን ሰው ነው።

«ጌታዬ፣ እኚህ ሰው በንዳድ ሊሞቱ ነው። ኪኒን ይስጧቸው ብለው ይንገሩልኝ» አልሁት።

ወደ ሹሙ ዞር እንኳ አላለም። «አይቻልም» አለኝ።

«እስቲ ይጠይቁልኝ።»

«አይቻልም አልሁህ!»

ሹሙ ምን እንደምንባባል ጠየቀው መሰለኝ፣ አስተርጓሚው በእነሱ ቋንቋ አጭር ነገር መለሰለት። ወጡና በሩ ተዘጋ። ሽማግሌው ዐይናቸውን ሳይገልጡ «ተወው ልጄ፤ አላህ ሰምቷል» አሉኝ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ አረፉ። እጃቸውን ይዤ ነበር፤ ግለቱ ቀስ እያለ ሲለቅ ታወቀኝ። ከቀረችኝ የመጠጥ ውሃ ፊታቸውንና እጃቸውን አጠብሁ። የሃይማኖታቸውን ሥርዓት አላውቅም፤ እንደማውቀው አደረግሁ። ወታደሮች መጥተው በጋቢዬ ጠቅልለው ወሰዷቸው።

ባለቤታቸው ስንቅ ይዘው ሲመጡ ዘበኛው ውጭ ሲመልሳቸው ሰማሁ።

«ሞቷል። ተቀብሯል። ሂጂ!»

ሴትዮዋ «በሕግ አምላክ!» አሉ። «ሰው እጃችሁ ገብቶ ሲሞት አሟሟቱ አይነገርም? ያየ ሰው የለም?»

በሩን በመዳፌ መታሁ። «አለ! እኔ አይቻለሁ! ኪኒን ለምኜ ከለከሉን!» ብዬ ጮኽሁ። ስሜንና አገሬንም ተናገርሁ። ለዚህ ተገረፍሁ። ግርፋቱ አለፈ፤ መጋዘኑ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ ባዶ ሆነብኝ። ጋቢው የነበረበትን ጥግ ላለማየት ፊቴን አዙሬ እተኛ ነበር።

ጣሊያን ወጥቶ እኔም አገሬ ከገባሁ በኋላ፣ አንዲት ሴት በቆላ ልብስ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ደጃፌ ቆሙ። ስናገር ገና በድምፄ አወቁኝ። «ከበሩ ወዲያ የነበርኸው አንተ ነህ። ምስክር ሁነኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ስለ አስተርጓሚው ነግሬያቸው፣ «እትዬ» እያልሁ አብሬያቸው ወረድሁ።

አስተርጓሚው ካራቆሬ ሱቅ ከፍቶ ተገኝቶ ነበር፤ ከሰሱትና ዳኛ ፊት ቀረብን። ዳኛው ሴትዮዋን «ያሰረው ጣሊያን አገሩ ገብቷል፤ የገደለውም ንዳድ ነው። ይህን ሰው በምን ይከሱታል?» አሏቸው።

«ንዳድን አልከስም፣ ጌታዬ። መድኃኒት የከለከለውን ነው።»

«እኔ የሰው ምላስ ነበርሁ» አለ አስተርጓሚው።

ያየሁትን ተናገርሁ። ዳኛው ወደ እሱ ዞሩ። «ሹሙ ሲጠይቅህ ምን ብለህ ተረጎምህለት?»

«ውሃ ጨምሩልን ይላል፣ አልሁት።»

ነፍሰ ገዳይ አልተባለም። በጥፋቱ ግን ተፈረደበትና ካሳ እንዲከፍል ታዘዘ። እትዬ «ካሳው የልጆቼ ነው። ለእኔ መቃብሩን ያሳየኝ» አሉ።

ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ከግራሩ ሥር ወሰደን። ሁለት ጉብታዎች ነበሩ።

«የትኛው ነው?» አሉት።

«አላስታውስም። ሌላም የሞተ ሰው ነበረ።»

እትዬ አልተቆጡም። ድንጋይ መልቀም ጀመሩ፤ እኔም አገዝኋቸው። በሁለቱም ራስጌ አቆሙና እጃቸውን ዘርግተው ለሁለቱም ዱዓ አደረጉ።

አሁን አርጅቻለሁ፤ እትዬም ሞተዋል። በዚያ መንገድ ሳልፍ የማስበው ስለዚያ ስለ ሌላኛው ነው። «በሕግ አምላክ» ብሎ የመጣለት ሰው አልነበረም ይሆናል። ወይም መጥቶ፣ ከበሩ ወዲያ የሚመልስለት አጥቶ ይሆናል።