ወደ ፓርኩ ሎሚ አይገባም

እናቴ ለጉዞ የምታዘጋጀው የመጀመሪያ ነገር ሎሚ ነው። እዚያው ለንደን ውስጥ ከስቶክዌል ቪክቶሪያ ለመድረስ እንኳ፣ በአውቶቡስ ከሆነ፣ ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ሎሚ አይጠፋም። ልጣጩን በጥፍሯ ጫር ታደርግና ታሸታለች። ክፍል የምታጸዳበት ሆቴል ለሠራተኞቹ ባወጣው ዕጣ የሁለት ሰው የመርከብ ጉዞ ሲደርሳትም፣ እኔ ፓስፖርታችንን ደጋግሜ ቼክ ሳደርግ እሷ ሎሚ ትመርጥ ነበር። ያንን ኮስታ ሪካ አውሮፕላን ማረፊያ ወሰዱባት። መርከቧ ላይ ግን ከምግብ ቤቱ ጠይቃ ሌላ አገኘች።

መርከቧ ትንሽ ናት። ወደብ በሌለበት ትቆምና ሰውን በላስቲክ ጀልባ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ታደርሳለች። ሌሎቹ ሲወርዱ እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ አልወረደችም። ጠዋት ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትመጣ አልጋችንን ታነጥፋለች። "ይቺ ልጅ ስንት ክፍል እንዳለባት ታውቂያለሽ?" ትለኛለች። ከዚያ ወጥታ መርከቧ ላይ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ብቻዋን ትቻት መውረድ አልሆነልኝምና እኔም ከኋላዋ ወዲያና ወዲህ።

"እማዬ፣ ለምን አንወርድም?"

"ትንሽ ጀልባ አንዴ ተሳፍሬያለሁ። ይበቃኛል።"

እኔ ከመወለዴ በፊት ከሶማሊያዋ ወደብ ከቦሳሶ ባሕሩን ወደ የመን መሻገሯን አውቃለሁ። በምን እንደተሻገረች ግን ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

በአራተኛው ቀን የመጨረሻው ቦታ ላይ ደረስን፤ ብሔራዊ ፓርኩ። እናቴ ሳልጠይቃት ተነስታ ሻርፗን አጥብቃ አሰረች።

"እንሂድ። ለንደን ተመልሼ 'መርከብ ላይ አልጋ ሳነጥፍ ከረምኩ' ልበላቸው?"

እኔ የፓርኩን ደንብ ከማታው ጀምሮ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ምግብ ክልክል ነው። ፍራፍሬም ክልክል ነው፤ ጦጣዎቹ ይለምዳሉ። ስለዚህ ጀልባዋ ጋ ስንደርስ አስጎብኚው አንድ ቃል ሳይናገር እጄን ወደ እናቴ ቦርሳ ሰድጄ ሎሚውን አወጣሁና ሰጠሁት። ፈገግ ብዬ ነበር የሰጠሁት።

እናቴ ደረጃው ላይ ቆመች። ጀልባዋ ከሥሯ ከፍ ዝቅ ትላለች።

"ምን ሰጠሽው?"

"ሎሚውን። ፍራፍሬ አይገባም ይላል።"

"ማን ነው የሚለው?"

"ደንቡ።"

"ደንቡን ጀልባ ላይ ያጥወለውለዋል?"

እግሯን ወደ ላይ መለሰች። ከኋላችን ሰዎች ተሰልፈዋል፤ ለእያንዳንዳቸው ሶሪ፣ ሶሪ እላለሁ። አሁን ከተመለሰች ሌላ ቀን አልነበረንም፤ በማግስቱ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ነው የምንሄደው። ለአስጎብኚው ሎሚው እናቴ የምትበላው ሳይሆን የምትይዘው ነገር መሆኑን ማስረዳት ጀመርኩ። ገና ሳልጨርስ ሎሚውን መልሶ ለእሷ ዘረጋላት። እስከ ዳርቻው ድረስ መያዝ እንደምትችል፣ ስትወርድ ጀልባው ላይ ብትተወው እንደሚበቃ ነገረኝ። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ከመስጠቴ በፊት መጠየቅ ብቻ ነበረብኝ።

እናቴ ልጣጩን ጫረች፣ "ቢስሚላህ" አለችና ወረደች። እስክንደርስ ዓይኗን አልገለጠችም።

ፓርኩ ውስጥ ዛፎቹ የሚጀምሩት ከአሸዋው ላይ ነው። አስጎብኚው ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ፣ የማይነቃነቅ ጸጉራም እንስሳ አሳየን። በአማርኛ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ የእንግሊዝኛውን፣ የ"ስሎዝ"ን፣ ትርጉም ፈልጌ፣ "ስሙ ሰነፍ ነው" አልኳት።

"ማነው ሰነፍ ያለው? ሱፐርቫይዘሩ?"

አንገቷን ቀና አድርጋ ታየው ጀመር። ሌሎቹ አልፈውን ሄዱ። እኔ ሰዓቴን አየሁ፣ መንገዱን አየሁ፣ ደግሞ ሰዓቴን።

"እማዬ፣ ወደ ኋላ ቀረን።"

"ይሂዱ። ሲነቃነቅ ሳላይ አልሄድም።"

በመጨረሻ አንድ እጁን አነሳ፤ ያነሳውን እጅ ቅርንጫፉ ላይ እስኪያሳርፍ ጠበቀችው።

ስንመለስ ጀልባ ነጂው ሎሚውን አስቀምጦላት ነበር። ማዕበሉ ከጠዋቱ በርትቶ ነበርና እንደተቀመጥኩ የጀልባዋን ገመድ በሁለት እጄ ጨበጥኩ። እናቴ አየችኝና ሎሚውን አፍንጫዬ ሥር አደረገችው።

"እንኪ። ሦስት ቀን ሙሉ ስትንቆራጠጪ ነበር" አለችኝ።

አሸተትኩ። ቀና ስል እሷ ዓይኗን ገልጣ ወደ ዛፎቹ ታይ ነበር።