ውኃ ያልገባው የይርጋ ብረት

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ባሕር ዳር

የተነሣሁት ይርጋን ለማምጣት ነው። ይርጋ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ተወልዶ ባሕር ዳር ውስጥ ከእኔ ጋር ብየዳ የተማረ ሰው ነው። አብረን ስድስት ዓመት ሠርተናል፤ ስድስቱንም ዓመት ቀንቼበታለሁ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣና ላይ ጀልባ ወደ መቆሚያው ሲጠጋ ከግንቡ ጋር እንዳይጋጭ ወፍራም ጎማ ይደረጋል፤ ፌንደር እንለዋለን። ከጎማው ፊት ደግሞ የበር መዝጊያ የሚያህል፣ ከላሜራ የተበየደ ጠፍጣፋ የብረት ሣጥን በሰንሰለት ይንጠለጠላል። ጀልባው የሚነካው ይህን የፊት ብረት ነው። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ብየዳው ጠብታ ውኃ ማስገባት የለበትም። ባለፈው ዓመት ሦስት ሠራን፤ ሁለቱን እኔ፣ አንዱን ይርጋ። እሱ የራሱን ከመስቀሉ በፊት በብስክሌት መንፊያ አየር እየሞላ፣ መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ሲቀባ አንድ ሙሉ ቀን ዋለ። እኔም በሠራተኛው ፊት፣ "ፌንደር ነው የምትሠራው ወይስ ኳስ?" ብዬ አሳቅሁበት።

ክረምቱ ሲያልፍ የእኔ ሁለቱ ውኃ ጠጥተው፣ ከውስጥ ዝገው፣ ሰንሰለታቸውን በጥሰው ወረዱ። የእሱ እንደተንጠለጠለ ነው። ይርጋ ያኔ አባቱን ለመርዳት አገሩ ገብቶ ነበር። አለቃችን የእሱን ብረት በመዶሻ መታ መታ አድርጎ፣ ውስጡ ውኃ እንደሌለው ከድምፁ ለየና፣ "ሂድና ይርጋን አምጣልኝ፤ የወደቁትንም እሱ ይሥራቸው" አለኝ። እንዳይደውል ኔትወርክ የለም። ጓደኛው አንተ ነህ ተብዬ እኔው ተላክሁ።

ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ክምር ድንጋይ

መንገዱ ክፍት ነው ሲሉን ተሳፈርን። በወረታ በኩል ደብረ ታቦር እስክንደርስ ሁለት ቦታ ወርደን ተፈተሽን። ክምር ድንጋይ ላይ ሾፌሩ ሲያቆም ሴቶች ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ይዘው ከበቡን፤ በሃያ ብር አራት ድንች በላሁ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ አውድማው ላይ በሬዎች ይዞራሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ግን መንገዱን ሁሉ ለአለቃ የምነግረውን ውሸት ስለማመድ ነበር። "ታሟል አሉኝ"፣ "አገሩን ለቋል አሉኝ"፣ "አጣሁት"። የመጨረሻዋን መረጥሁ፤ አጭር ናት።

ነፋስ መውጫ አደርሁ። ስሙ ውሸት የለበትም፤ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤም አልሞቀኝም።

አርብ፣ ከጧቱ 4 ሰዓት፣ አርብ ገበያ

ገበያው ከነአህያው ሞልቷል። ባቄላ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ቆሜ ይርጋን ጠየቅሁ።

"ይርጋ በያጁ? የወፍጮ ቤቱን ብረት የጠገነልን? እጁ ይባረክ" አለችኝ።

አንድ የሚያማው ሰው እንኳ ባገኝ ብዬ አህያውን የሚጭን ገበሬ ጠየቅሁ።

"ማረሻየን የቀጠለልኝ እሱ አይደል" ብሎ ቤቱን አሳየኝ።

ይርጋ አልነበረም። አባቱ ጋሽ አዳነ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ትንሽ ስልቻ ያለሰልሳሉ። ስልቻ፣ ሆዱ ሳይሰነጠቅ ከተገፈፈ የፍየል ቆዳ የሚሠራ የእህል መያዣ ነው።

"ሲማዳ ልቅሶ ሂዷል፤ ዛሬ ይገባል። ግባ ልጄ" አሉኝ። ባቄላ ቆሎ አቀረቡልኝና ስልቻዋን ዘረጉልኝ። "ትንፋሼ አጥሯል። እስቲ ንፋልኝ።"

ጉንጬ እስኪያመኝ ነፋሁ። አፏን በጠፍር አስረው ገንዳ ውኃ ውስጥ ደፈቋት። ከእግሯ ሥር አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ።

"አየሃት? ዓይን ያላየውን ትንፋሽ ያገኘዋል። ጤፍ ብንጭንባት መንገዱ ሁሉ ጤፍ በሆነ።"

"ይርጋም ይነፋልዎ ነበር?"

"የወተት ጥርሱ ሳይነቀል ነው የጀመረው።"

ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ደብቆኝ ነው ስል የኖርሁት ነገር፣ ዓይኔ እያየ ሲሠራው የሳቅሁበት ሆኖ ተገኘ። አፈርሁ። ግን እፍረቱ ሳይበርድ ሌላ ሐሳብ መጣ፤ አሁንማ አውቄዋለሁ፣ ይርጋ ለምን ያስፈልገኛል? ሳይመጣ ልሂድ ብዬ ተነሣሁ።

"ምን ልበለው?" አሉኝ ጋሽ አዳነ።

"ሰላም ብሎሃል ይበሉት።"

ቀዳዳዋን በጅማት ቋጥረው፣ ስልቻዋን በጨርቅ ወልውለው ቆሎውን ገለበጡባት። "የነፋሃት አንተ ነህ፤ ለመንገድህ ትሁን" ብለው ሰጡኝ።

መናኸሪያው ውስጥ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስልቻዋን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። ሽማግሌው የማያውቁትን ሰው አምነው አስተምረው፣ ስንቅ ቋጥረው ሸኙኝ። እኔ የልጃቸውን እንጀራ ይዤ እየሸሸሁ ነው። መኪናው ሊነሣ ሲል ወረድሁ።

ይርጋን ከገበያው መውጫ አገኘሁት፤ ነጠላውን አዘቅዝቋል። ሳንሳሳም ነገርሁት። "የወደቁትን ሁለቱን የፌንደር ብረት አንተ እንድትሠራቸው አለቃ ልኮኛል። አጣሁት ልለው ነበር።"

"ለምን?"

"ቀንቼ።"

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። "ስድስት ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ" አለ። "አንተ ከኋላዬ ቆመህ ስህተት ስትፈልግ ነው ብየዳዬን ሁለቴ የማየው። ምቀኛ አታሳጣኝ ይባል የለ?" ከዚያ ወደ ቤቱ አቅጣጫ ተመለከተ። "ውቂያው ሳያልቅ፣ የአባቴም ትንፋሽ እንዲህ ሆኖ አልመጣም። አንተ ሥራቸው።"

ባሕር ዳር

ለአለቃ ያጠፋሁትንም የሆነውንም ሳልደብቅ ነገርሁት። "እንግዲያው ሥራና እንየው" አለኝ። ሁለቱን ብረቶች በየድሁ፤ በመንፊያ አየር ሞልቼ አረፋ ቀባሁ። ሠራተኛው "ኳስ!" እያለ ሳቀ። በሁለተኛው ብረት ጥግ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል አረፋ ተነሣች። ከእኔ በቀር ማንም አላያትም። ቦታውን በመፍጫ ፈጭቼ አነሣሁና እንደገና በየድሁ።

አሁን ሦስቱም ተሰቅለዋል፤ በመዶሻ ሲመቱ አንድ ድምፅ ነው ያላቸው። ይህ ጉዞ ቅናቴን አጠፋልኝ ብል እዋሻለሁ። ቀድሞ የምቀናው በይርጋ እጅ ነበር። ዛሬ የምቀናው በአባቱ ነው። እኔን በልጅነቴ "እስቲ ንፋልኝ" ያለኝ ሰው አልነበረም።