እትዬ አስካለና የመሐል ሜዳ ዝናብ

እውነት አልመስል አለኝ። ዛሬ ጠዋት ልጃቸው አሰፉ ደውላ «እማዬ አረፈች» ስትለኝ «ኧረ ትናንት እኮ የዝናቡን መጠን በስልክ ነግረውኛል!» ብዬ ጮህኩባት። ቁጥር የነገረኝ ሰው አይሞት ይመስል።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። እትዬ አስካለ መንዝ፣ መሐል ሜዳ የሚኖሩ፣ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩ እናት ነበሩ። ባላቸው ዝናብም የሚለኩ አስተማሪ ነበሩ፤ እሳቸው ሲያርፉ ጓሮ የተተከለውን ዝናብ መለኪያ እትዬ ተረከቡት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ነጠላቸውን አጣፍተው ይወጣሉ፤ የተጠራቀመውን ውሃ ምልክት ወዳላት ብርጭቆ ይገለብጣሉ፣ ጎንበስ ብለው ያነባሉ፣ ይጽፋሉ።

ጎረቤት «ዛሬስ ብዙ ዘነበ፣ አይደል?» ቢላቸው ገና ካልለኩ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ያየሁትን እንጂ የመሰለኝን አልናገርም።»

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ አዲስ አበባ ነው የምሠራው። ሥራዬ ሳተላይቶች አየን የሚሉትን ዝናብ ምድር ላይ ከተለካው ጋር ማስተያየት ነው። ነገሩ እስካሁን ይገርመኛል። በሌላ ነገር የማይስማሙ አገሮች ሰማይ ላይ ተስማምተዋል። የጃፓኑ ሲያልፍ የአውሮፓው ይደርሳል፣ የአሜሪካው ይከተላል፤ ሁሉም ያየውን አንድ ላይ ያዋጣል። የአየር ንብረቱ መለወጡ የሚታወቀው እንዲህ ዓመት ከዓመት ሲያያዝ ነው።

ግን ሳተላይት ከላይ ሆኖ ይገምታል እንጂ ውሃውን አይነካም። ታች ሆኖ «ልክ ነህ» ወይም «ተሳስተሃል» የሚለው ሰው ያስፈልጋል። ለእኛ አካባቢ ያ ሰው እትዬ አስካለ ነበሩ።

አንድ ክረምት ላይ ጣጣ መጣ። ከየአገሩ ያለን ሰዎች በኢንተርኔት ስንሰበሰብ አንድ ጃፓናዊ ባልደረባችን የእትዬን መረጃ አወጣና «ይሄ አይታመንም» አለ። ሳተላይቶቹ ሁሉ ዘነበ ባሉበት ቀን ዜሮ ይላል፤ በማግስቱ ደግሞ ዶፍ ነው። ጣቢያው ከዝርዝሩ ይውጣ፣ የድሮውም መዝገብ አብሮ ይጣል ተባለ። የስንት ዓመት ልፋታቸው እኮ ነው!

እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጠረጠርኳቸው። ቤት ተቀምጠው የሚጽፉ መሰለኝ። በንዴት አውቶቡስ ተሳፍሬ መሐል ሜዳ ገባሁ። ገና ከመቀመጤ «እትዬ፣ እየዘነበ ለምን ዜሮ ይጽፋሉ?» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ግን አልተቆጡም። የሚልኩልንን የየወሩን ቅጽ ቅጂ ከሣጥን አውጥተው ጭኔ ላይ ዘረገፉት።

«በዝናብ ቀን ዜሮ የጻፍኩበትን አሳይኝ።»

አገላበጥኩ። የለም። በነዚያ ቀኖች ላይ ያለችው በእስክሪብቶ የተሠራች ትንሽ መስቀል ናት። አሥራ ሁለት ላይ መስቀል። ሃያ አንድ ላይ መስቀል። ሃያ ሰባት ላይም።

«ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም» አሉኝ፣ እንደ ሕፃን እያስቆጠሩ። «በዓል ሽሬ በረዶ ላስወርድ? የሰው አዝመራ ላስመታ? ውሃው እንደሆነ የትም አይሄድ፤ በማግስቱ ከነትናንቱ እለካዋለሁ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። መስቀሉን ዜሮ አድርገን ኮምፒዩተር ውስጥ የከተትነው እኛው ነን! እኔ ደግሞ የመንዝ ልጅ ተብዬ፣ ቀኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለተቀመጠ ሚካኤልን ሳላውቀው ቀረሁ። ጁላይ ውስጥ ማን ሚካኤልን ይፈልጋል?

ተመልሼ የበዓሉን ቀን ከማግስቱ ጋር ደምሬ አስተያየሁት። ጉድ በሉ፣ ከሳተላይቶቹ ጋር ግጥም አለ። ጃፓናዊው ይቅርታ ጠየቀ፤ ጣቢያው በዝርዝሩ ቀረ። የሁላችንንም መረጃ በሚያስተያየው ፕሮግራም ውስጥ የኛ ወርኃዊ በዓላት ገቡ።

ይህን ላበስራቸው የሄድኩ ቀን ስልኬ ላይ የሳተላይቶቹን መንገድ አሳየኋቸው፤ የማን መቼ በመንዝ ላይ እንደሚያልፍ፣ እንዴት እንደሚፈራረቁ። ልብ ብለው አዩና «እንደኛ ቄሶች ሰሞነኛ ናቸው በይኛ! አንዱ ሰሞኑን ሲጨርስ ሌላው ይገባል» አሉ። ይህን ሁሉ ዘመን ስሠራ እንዲያ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም።

ከዚያ ቀና ብለው ሰማዩን አዩት። «ያን ያህል ርቀው ወጥተው፣ ከኔ ጓሮ ጋር ሊያመሳክሩ? አቤት ያንተ ሥራ!»

ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። አሁንም ስጽፈው ያደርገኛል።

በዓሉን ግን አልሻሩም። «ለጃፓኑም ንገሪልኝ፤ ሚካኤልን አልሽርም» ብለው ነው የሸኙኝ።

ዛሬ ስብሰባ ነበረን። መርዶውን ለባልደረቦቼ ነገርኳቸው። ጃፓናዊው «ስማቸው ማን ነበር?» ሲለኝ ክው አልኩ። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ዝርዝራችን ላይ ያለው የጣቢያው ቁጥር ብቻ ነው! ፊደል በፊደል ነገርኩት። «አስ… ካ… ለ» እያለ ደጋግሞ ተለማመደውና ከቁጥሩ አጠገብ ጻፈው። አልቻልኩም፤ ካሜራዬን አጥፍቼ አለቀስኩ።

እትዬ አስካለ፣ ስለጠረጠርኩዎት ይቅር ይበሉኝ። በሰላም ይሂዱ፤ እግዜር ለታማኞቹ ያዘጋጀውን ቦታ እርስዎንም አይንፈግዎ።

ዛሬ ጠዋት ሳተላይቶቹ ሁሉ መሐል ሜዳ ላይ ዝናብ አየን ይላሉ። እኔ እርስዎን ሳልጠይቅ እንዴት ብዬ ልመን?