የማይንጠባጠበው ዘይት

አሁን አውቶማቲክ መኪና ካምቢዮው አስቸግሮ ሲመጣልኝ ስካነሬን እሰካለሁ፤ ኮፈኑን ሳልከፍት የችግሩን ቁጥር ይነግረኛል። ደንበኞቼ ይገረማሉ። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ሁልጊዜ አንድ ሰው ትዝ ይሉኛል፤ ሥራውም ደስ አይለኝም።

በደርግ ጊዜ ወሎ ሰፈር አጠገብ በአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ መካኒክ ነበርኩ። በግቢው አውቶማቲክ መኪና አንድ ብቻ ነበረች፤ አለቆቹ የሚሄዱባት። ሾፌሯ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ መኪናዋን በገዛ መሐረባቸው የሚወለውሉ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን መጥተው፣ ማርሽ ለመቀየር ትዘገያለች፣ ስትቀይርም ታንገጫግጫለች፣ የካምቢዮ ዘይቷም በየሳምንቱ ይጎድላል አሉኝ። ከሥሯ ገብቼ ተኛሁ። ደረቅ ነው፤ አንዲት ጠብታ የለም። በእጅ ጽሑፌ ስለምኮራ ቅጹ ላይ አሳምሬ "ዘይት በየትም በኩል አያፈስም" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ታዲያ ለምን ይጎድላል ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም። ስለ አውቶማቲክ የማውቀው ትንሽ ነበር፤ አላውቅም ማለት ደግሞ ለእኔ ሞት ነበር።

ወረቀቷ የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ እጅ ገባች። በውይይት ክበብ ሁላችንም ፊት አነበባት። የማያፈስ ዘይት የሚጎድለው ሰው ሲቀዳው ነው፣ ይሄም የኢኮኖሚ አሻጥር ነው አለ። ሾፌሩ ዞረው አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከስብሰባው በቀጥታ ቀበሌ ወስደው አሰሯቸው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ባለቤታቸው ሳህን በጨርቅ ቋጥረው በጋራዡ በር ያልፉ ነበር። እኔም በዚያ ሰዓት መኪና የምንጠግንበት ጉድጓድ ውስጥ መግባት ልማዴ ሆነ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን አላስችል አለኝ። መኪናዋን ለፍተሻ ብዬ ይዤ ወደ ኤርፖርት በሚወስደው መንገድ ወጣሁ። በተነሳሁ ቁጥር በመስታወቱ ከኋላዬ ነጭ ጭስ ይታየኛል። ሽታው የሞተር ዘይት ሽታ አይደለም። ተመልሼ ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው የሚወርደውን ቀጭን የጎማ ቱቦ ነቀልኩት። በዚህ ቱቦ ውስጥ ከአየር በቀር ምንም ሊኖር አይገባም። ጫፉን መዳፌ ላይ ባራግፈው ቀይ ዘይት ጠብ አለ። ካምቢዮው ላይ ያለው ስስ ጎማ ተቀዶ፣ ሞተሩ ዘይቱን እየሳበ ያቃጥለው ኖሯል። ማርሹም የሚዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው። ሰውየው ምንም አልሰረቁም።

እልል ማለት ሲገባኝ ፈራሁ። ሰው ያሳሰረውን ወረቀት የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ አሻጥር የሚለው ቃል ወደ እኔ እስኪዞር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ቱቦውን መልሼ ሰካሁት። እጄን ታጠብኩ፤ ቤቴ ሄጄ ምሳዬን በላሁ። አዎ፣ በላሁ።

በማግስቱ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ካድሬው ቢሮ ገብቼ ነገርኩት። ወርዶ አየ። ሞተሩን አስነስቼ ቱቦው ዘይት ሲስብ አሳየሁት። ሌላ ወረቀት ጻፍ አለኝ። ያን ሁሉ የፈራሁት ነገር ይሄው ነበር።

ሾፌሩ ዓርብ ተፈቱ። ቅዳሜ ሊያመሰግኑኝ ጋራዥ ድረስ መጡ፤ በነጠላ ጫማ፣ ሁለቱም እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ። የምቀመጥበትን ወንበር ሰጠኋቸው።

"ተቀይሜህ ነበር፤ ይቅር በለኝ ልጄ" አሉኝ። "እስከ ማክሰኞ እኮ አልነኩኝም። ማክሰኞ አመሻሹ ላይ ነው የገረፉኝ። ለመሆኑ ነገሩን መቼ አገኘኸው?"

"ረቡዕ" አልኳቸው።

መረቁኝ። ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ አሉኝ፤ እኔም ጎንበስ ብዬ አሜን አልኩ።