እጅጌህን ሰብስብ

በቤታችን ማታ ማታ እግሩን የሚታጠበው አባት ነው፤ የሚያጥበው ልጅ። ከአንኮበር ይዤው የመጣሁት ሥርዓት ነው። ደብረ ብርሃን ከገባሁ ወዲህ ብዙ ነገር ትቻለሁ፤ ይህን ግን አልተውኩም። ግንበኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ድንጋይና ሲሚንቶ ስረግጥ እውላለሁ። የመጨረሻው ልጄ አዲስ አበባ ሲሠራ ቆይቶ ከተመለሰ ጀምሮ፣ ትልቅ ሰው ሆኛለሁና አይሆንም ሳይል፣ ሳፋውን አቅርቦ ይንበረከክልኝ ነበር።

አንድ ምሽት እጁን ከነሹራቡ ውሃው ውስጥ ነከረው።

«እጅጌህን ሰብስብ እንጂ! እግሬን ነው ወይስ ሹራብህን የምታጥበው?»

«በርዶኝ ነው አባዬ።»

ደብረ ብርሃን ላይ በረደኝ ያለን ሰው ማንም ለምን አይለውም። ነገር ግን በቀኝ እጁ ብቻ ነበር የሚያሸኝ። ግራ ክንዱን ያዝ ባደርገው ጮኸ፤ እንደ ፍም ይፋጃል። እጅጌውን ራሴ ሰበሰብኩት። ክርኑ መታጠፊያ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት፣ ዙሪያው ቀልቶ።

«ብጉንጅ ነው» አለች እናቱ። «ተልባ ልለጥፍበት፤ ሲበስል ይፈርጣል።»

እኔ ደግሞ በአውራ ጣቴ ላፈርጠው ተዘጋጀሁ።

«አትጫነው! ብጉንጅ አይደለም። መርፌ ነው። ዕፅ እወጋለሁ» አለ፣ እግሬን እንደያዘ።

ተግሣጽ የማያልቅብኝ ሰው ነኝ። ያን ምሽትም ብዙ ተናገርኩ። የተናገርኩት ስሕተት ነው አልልም፤ ክፉን ነገር የልጄ ስለሆነ ብዬ ሌላ ስም አላወጣለትም። ሲነጋ ግን ትኩሳቱ ወጥቶ ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር።

«ተነስ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

«አልሄድም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እዚያ ነው። ከመዋረድ ሞት ይሻላል የምትለን አንተ አይደለህ?»

እውነቱን ነው። ልጆቼን በዚህ ቃል ነው ያሳደግኳቸው። እንዳይሰርቁ፣ እንዳይዋሹ ብዬ ነበር። ልጄ ግን ቃሌን አክብሮ ሊሞትበት ነው።

«ለሌላ ነገር ነው ያልኩት።»

«ለየቱ?»

 ጋቢዬን አለበስኩትና «በል፣ እኔ ልዋረድ፤ አንተ ተነስ» አልኩት።

ወረፋ ላይ አንዲት ጎረቤታችን «ውይ፣ ልጁ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። «ታሟል» አልኳት። አልዋሸሁም።

ነርሷ «ወንድሜ» እያለች ክንዱን አደንዝዛ እብጠቱን ቀደደችው፤ መግሉ ወጣ። ብትዘገዩ ወደ ደሙ ይዘልቅ ነበር አለችን። ቁስሉን እየሸፈነች እንዲህ አለችው፦

«ማቆም ስትፈልግ ንገረኝ፤ አግዝሃለሁ። እስከዚያው ቆዳህን በሳሙና ሳትታጠብ እንዳትወጋ፤ ቆሻሻው ከመርፌው ጋር ነው የሚገባው። መርፌ አትድገም፤ የሰው መርፌም አትንካ። ካበጠብህ ደግሞ ሳትነካካው ቶሎ ና።»

ደሜ ፈላ። «ልጄ፣ ተው በይው እንጂ! ታጥበህ ተወጋ ይባላል?»

«አባባ፣ ተው የሚለውማ እርስዎ አሉለት» አለች፣ ቀና ሳትል። «ይሄን የሚነግረው ነው የጠፋው።»

ልጄ ሳቀ። ከአዲስ አበባ ከመጣ ወዲህ ሲስቅ መስማቴ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ስለዚህ መቆጣቱን ተውኩት።

ቁስሉ ድኗል፤ ጠባሳው ቀርቷል። ተወው ወይ? «እየሞከርኩ ነው» ይለኛል። አንዳንድ ቀን አምነዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን አላምነውም። ሥርዓታችን ግን ተለውጧል። አሁን ሳፋው ሲቀርብ አስቀድሜ እኔ የእሱን ክንድ አጥባለሁ፤ ከዚያ እሱ የእኔን እግር። እናቱ ለብ ያለ ውሃ እያመጣች «ይሄን ስታደርግ የአንኮበር ሰው እንዳያይህ» ትለኛለች።

ባለፈው ሳምንት «እጅጌህን ሰብስብ» አልኩት።  ሁለቱንም ሰበሰበ። ከጠባሳው ዝቅ ብሎ አዲስ የመርፌ ምልክት ነበር። ተግሣጹ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሱ ግን እያየኝ እጅጌውን አልመለሰም።

ሳሙናውን አነሳሁ።