ዝም በማለቱ የተከሰሰው ደሞዝ ሠሪ

የሥነ ምግባር ኮሚቴ አባል የሆንኩት ስልክ ለማንሳት ከስብሰባ በመውጣቴ ነው። በወልድያና በአካባቢዋ በየመሥሪያ ቤቱ የሠራተኛ ደሞዝ እያሰላን የምንሠራ ሰዎች ተሰባስበን ማኅበር ስናቋቁም፣ ልክ ምርጫው ላይ እናቴ ደወለች። «ስትመጪ ሽንኩርት ይዘሽ ነይ» ለማለት ነበር። ተመልሼ ስገባ ሰው ሁሉ ያጨበጭብልኛል። እንዲያ ያለ ጭብጨባ መቼም ለደግ ነገር አይሆንም። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ ስልኬን ዘግቼ ነው የምቀመጠው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢያችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ደሞዝ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው፤ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ሳይሉ አንድም ስብሰባ ከፍተው አያውቁም። ሁለተኛው ከመርሳ በሚኒባስ የሚመላለስ፣ ሳቅ የማያልቅበት ሙስሊም ወንድማችን ነው። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ቁጡ ናት ይሉኛል። ቁጡ አይደለሁም፤ ሰው ነገር ሲያንዛዛ ነው የማልወደው።

ደሞዝ የሚሠራ ሰው የሁሉን ገመና ያውቃል። ማን ተቆራጭ እንዳለበት፣ ማን ከሚያወራው በታች እንደሚያገኝ ያውቃል፤ ያንን አፍኖ መያዝ ነው የሙያችን ዋና ሥነ ምግባር። የሚመጡልን ክሶች ግን እዚያ ድረስ የሚያደርሱ አልነበሩም። አንዷ የወር መጨረሻ ሲደርስ ስልኳን ታጠፋለች ተብላ ተከሰሰች። አንዱ ሰዎችን ስማቸውን ትቶ በተቆራጫቸው ይጠራል ተባለ። መክረን፣ አስታርቀን፣ ሻይ ጠጥተን እንለያይ ነበር።

አንድ ቀን ግን ሰብሳቢያችን አዲስ አቤቱታ ሲያነቡልን «ተከሳሹ በዝምታው ደሞዜን አሳንሶብኛል» የሚል ቦታ ላይ ደረሱ። ሻዩ ትን አለኝ።

«እስቲ ይድገሙት ጋሼ» አልኩ።

ደገሙት። ያው ነው።

አቤት ባዩ መርሳ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ወጣት ነው። ተከሳሹ ደግሞ የዚያው መሥሪያ ቤት ደሞዝ ሠሪ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ወጣቱ ሀብሩ ገጠር ያለ የአንድ ገበሬ ልጅ ይወዳል፣ ትወደዋለች። እንደ ወጉ ሽማግሌ መላክ ነበረበት። የራሱ ዘመዶች ሩቅ ናቸውና ከሚያውቃቸው ሰዎች ሦስት መረጠ፤ አንዱ ደሞዝ ሠሪው ሆነ። ለምን እሱን እንደመረጠ ስንጠይቀው «ፊቱ ሽማግሌ ይመስላል» አለን። እውነቱን ነው። ሰውዬው ገና ጎልማሳ ነው፤ ፊቱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ያረጀ ነው የሚመስለው።

ሽማግሌዎቹ ሄዱ፣ ልጅዎን ለልጃችን አሉ። የልጅቱ አባት አባወራ ገበሬ ናቸው፤ ነገር አይሸሹም። «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» ሲሉ ተነገራቸው። «ደሞዙሳ?» ሲሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ መቼም ያገዘ መስሎት፣ «እኚህ ናቸው የሚሠሩለት፣ እሳቸው ያውቃሉ» ብሎ ወደ ደሞዝ ሠሪው ጠቆመ። ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየው። ደሞዝ ሠሪው አንገቱን ደፋና ዝም አለ።

አባትየው ለጊዜው «ዘመድ ላማክር» ብለው ሸኟቸው። በሳምንቱ የላኩት መልስ ግን «ለመናገር የሚያሳፍር ደሞዝ ላለው ልጄን አልሰጥም» የሚል ሆነ። ወጣቱ አበደ። እሱም ለኛ ጻፈ፣ መሥሪያ ቤቱም ነገሩን ሰማ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ «ኮሚቴው ጥፋተኛ ካለው ከደሞዝ ሥራ አነሳዋለሁ» ማለቱን ስንሰማ የሻይ ጨዋታችን ቀረ።

የማኅበራችን ደንብ የሰው ደሞዝ «በቃል፣ በጽሑፍ ወይም በሌላ በማናቸውም መንገድ» እንዳይገለጥ ይከለክላል። ሙግታችን በዚያች «በማናቸውም መንገድ» ላይ ሆነ። አንገት መድፋት መግለጥ ነው? ሰብሳቢያችን ይሆናል አሉ፣ የመርሳው ወንድማችን አይሆንም አለ፣ እኔ ራሴን አመመኝ። በመጨረሻ ተከሳሹን ጠራነው።

መጣ። ወንበር ሰጠነው። ሰብሳቢያችን ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «እስቲ ያንን ዝምታ አሳየን» አሉት።

«አሁን?»

«አዎ። እኛ የልጅቱ አባት ነን እንበል። ደሞዙ ስንት ነው?»

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ከዓይኑ ሥር ያለው ቆዳ ወረደ፣ ከንፈሩ ተጣበቀ፣ ትከሻው ጠበበ። መርዶ ይዞ የመጣና ከየት እንደሚጀምር የቸገረው ሰው ሆነ። የመርሳው ወንድማችን አፉን በእጁ ይዞ ወደ መስኮቱ ዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ።

«ወላሂ» አለ ወንድማችን እንባውን እየጠረገ፣ «ይሄን ፊት ያየ ሰው ልጁ ደሞዝ የለውም ብቻ ሳይሆን ሞቷልም ይላል።»

«ቀና ብለህ ዝም ብትልስ ኖሮ?» አልኩት።

ቀና ብሎ ሞከረ። ባሰበት።

ሰውዬው ግን አልሳቀም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ፊቴን አልሠራሁትም» አለ። «ስንት ዘመን ሙሉ የስንቱን ሰው ነገር ይዤ ኖርኩ። የሚያወራ ሰው ይታወቃል፤ እገሌ አወራ ይባላል። ዝም ያለ ሰው ግን ምስክር የለውም። ዝም ማለቴን የሰው ዓይን ያየው ያን ቀን ብቻ ነው፤ በሱም ተከሰስኩ።»

ሳቄን ተውኩ። አንጀቴን በላው። እኔም እኮ ያው ነኝ፤ እናቴ እንኳን «የጎረቤታችን ልጅ ስንት ታገኛለች?» ስትለኝ ወሬ እየቀየርኩ ነው የምኖረው፤ ለዚህም ተንኮለኛ ትለኛለች።

ወጣቱ ውጭ ቆሞ ይሰማ ነበርና ገባ። «በቃ ፈቅጃለሁ፣ ይናገሩ! ሄደው ይንገሯቸው!» አለ።

«አሁን ብናገር ማን ያምነኛል?» አለው ደሞዝ ሠሪው። «ያኔ አሳፍሮት ዝም አለ፣ አሁን ደግሞ ጨምሮ መጣ ነው የሚሉት።»

ይህም እውነት ነው። ሁላችንም ዝም አልን፤ ክፍሉ ውስጥ ጥፋተኛው በዛ።

እኔ ነኝ ያልኩት። «ለምን እኛው አንሄድም?» ሰብሳቢያችን መነጽራቸውን አወለቁ። ኮሚቴ ሽማግሌ ሆኖ አያውቅም፣ ደግሞ ሴት ሽማግሌ ገበሬው ቤት እንዴት ትገባለች አሉ። «ደሞዝ ሠሪ ሽማግሌስ መቼ ገብቶ ያውቅ ነበር?» አልኳቸው። በቃለ ጉባኤ አልያዝነውም። ውሳኔው ለጊዜው ይቆይ ብለን ብቻ ጻፍን።

ከመርሳ ባጃጅ መንገዱ እስካለቀ አደረሰን፤ ከዚያ በማሽላው መሀል በእግር ሆነ። ጫማዬ ለኮሚቴ እንጂ ለሀብሩ ጭቃ የተገዛ አልነበረም። የመርሳው ወንድማችን «አይዞሽ፣ ኢንሻአላህ ስንመለስ ይደርቃል» ይለኛል። ደሞዝ ሠሪው ከኋላ በዚያው ፊቱ ይከተለናል። ያገኘን ሰው ሁሉ «እግዜር ያጽናችሁ» እያለን ያልፋል፤ ለቅሶ የምንሄድ መስሎት ነው።

ስንደርስ ቆመን ቀረን፤ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም አልን። አባትየው እኔን አይተው ትንሽ ደነገጡ፣ ሆኖም እንግዳ ነውና «ኧረ ተቀመጡ፣ ኸነጭቃችሁ ግቡ» አሉ። እናትየው እጄን ይዘው መደቡ ላይ ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ከአባትየው ቀኝ አንድ ጎረቤታቸው ተቀምጠዋል፤ እናትየው እንደነገሩኝ ሁለቱ ቤቶች ከብት በተራ ነው የሚጠባበቁት፣ አንድ ቀን የኚህ፣ አንድ ቀን የእኚያ።

ሰብሳቢያችን ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት። ከሥሩ ስላችሁ ማኅበሩ ከተቋቋመበት ነው። ደንቡን ተነተኑ፣ ምስጢር ምን እንደሆነ ተነተኑ። አባትየው በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣

«አንቱ የሚሉት ሁሉ ደግ ነው» አሉ። «እኔ ግን ገበሬ ነኝ። ደግ ነገር ያለው ሰው አንገቱን አይደፋም። ያን ቀን እኒህ ሰው ደፉ፣ አየሁ። ልጄ ናት፤ ስትቸገር የማየው እኔ ነኝ።»

ሰብሳቢያችን እንደገና ሊተነትኑ አፋቸውን ሲከፍቱ ትዕግሥቴ አለቀ። ወደ ጎረቤትየው ዞሬ፣

«አባባ» አልኳቸው፣ «ለመሆኑ የሳቸው ከብት ስንት ነው?»

እናትየው ነጠላዬን ሳብ አደረጉኝ። እዚያ አገር ከብት በቁጥር አይጠራም፣ የሰው ከብትማ ከቶ አይነሳም፤ ዓይን ይበላዋል ይባላል፣ ነውርም ነው። ይህን አላውቅም ብል ውሸቴን ነው። ጎረቤትየው ወደ ጣሪያው አዩ፣ ቀጥሎ ወደ እሳቱ አዩ፣ ከዚያም አንገታቸውን ደፉና ዝም አሉ። ከንፈራቸው ተጣበቀ፣ ትከሻቸው ጠበበ።

የመርሳው ወንድማችን አፉን በእጁ ያዘ።

«ምን ያለሽ ሴት ነሽ!» አሉ አባትየው። «ጎረቤቴ ከብቴን ይቆጥርብኛል? አምኜ የሰጠሁት ሰው!»

«ተራ ጠባቂ ናቸው አሉ፤ ማታ ማታ ቆጥረው አይደል እንዴ የሚያስገቡልዎ?»

«ያውቃሉ እንጂ! አውቀው ነው የማይናገሩት!»

«ታዲያ አንገታቸውን ደፉ እኮ። ከብትዎ የሚያሳፍር ቢሆን ነው?»

አባትየው ጎረቤታቸውን አዩ። ከዚያ ደሞዝ ሠሪውን አዩ። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል፤ ያንዱ ፊት ካንዱ አይለይም። መጀመሪያ የሳቁት እናትየው ናቸው። ቀጥሎ አባትየው ሳቁ፣ ጉልበታቸውን እየመቱ፣ እስኪያስላቸው ድረስ።

«ሞኝ ነኝ እናንተዬ» አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «ጠባቂ አግኝቼ ሌባ አልኩት።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ደሞዝ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ጠላ መጣ፣ ለወንድማችን ወተት። የሠርጉ ቀን ሊቆረጥ ሲል ግን አባትየው እጃቸውን አነሱ፤ አንድ ነገር ቀርቶኛል አሉ። በዚያ አገር ከወንዱ ወገን ዋስ ይጠራል፤ ልጅቱ ብትበደል፣ ቤቱ ቢናጋ ተጠያቂው እሱ ነው፤ የቤቷ ገመና ሁሉ ለሱ ነው የሚነገረው። ሰብሳቢያችን ኮታቸውን አስተካከሉ፤ እሳቸው የሚጠሩ መስሏቸዋል።

«ዋሱ እኒህ ይሁኑልኝ» አሉ አባትየው፣ ወደ ደሞዝ ሠሪው እያመለከቱ። «ቤት ሙሉ ሰው አፍጥጦባቸው ያልተናገሩ፣ የልጄንም ነገር አይበትኑትም።»

ሁላችንም ዞረን አየነው። ከዓይኑ ሥር ያለው ቆዳ ወረደ፣ ከንፈሩ ተጣበቀ፣ ትከሻው ጠበበ። አባትየው ክው አሉ።

«ምነው፣ ከፋዎት እንዴ?»

«ኧረ የለም» አለ፣ አንገቱን እንደደፋ። «ደስ ብሎኝ ነው።»

ፊቱ ያው ነበር። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።